የድሮ የጌም ቤት ማሽን ገዛሁ፤ አንጀቱን ላውጣው ወይስ ልተወው?

ገጣፎ_ዳር፦

ሰላም ጓዶች። ከለገጣፎ ወጣ ብሎ አንድ ጌም ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ፣ ያ ሳንቲም እየከተትክ ቆመህ የምትጫወትበት ዓይነት ማሽን አገኘሁና ገዛሁት። ፑሉን፣ ጆተኒውንና ፕሌይስቴሽኖቹን ሌሎች ቀድመው ወስደዋል። ይሄን ግን የፈለገው ሰው የለም። ቆራሌው በብረት ዋጋ ሊወስደው ሲከራከር ነው የደረስኩት።

ሳጥኑ የቺፑድ ነው፣ ቁመቱ ከኔ ትንሽ ይበልጣል። ጎኑ ላይ የነበረው ስቲከር ተፍቋል፣ ምን ጌም እንደነበር አያስታውቅም። ስክሪኑ የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት፣ ጀርባው ረጅም ሲአርቲ ነው። ሁለት ጆይስቲክ አለው፣ ለአንድ ተጫዋች ሦስት ሦስት ቁልፍ። የኋላውን በር ስከፍተው አቧራና የሸረሪት ድር፣ ከሳንቲም መክተቻው ስር ደግሞ በክር የታሰረ የተደፈጠጠ ቆርኪ። የሆነ ልጅ እየከተተ መልሶ ሲስበው ነው መሰለኝ የተበጠሰበት። ከዚያ በረጅም የገመድ ጥቅል ጫፍ ላይ የተሰካ አረንጓዴ ቦርድ አለ። የሚሰካበት ጥርስ ባንዱ ወገን 28፣ በሌላው ወገን 28 ነው።

ሐሳቤ ውስጡን ሙልጭ አድርጌ አውጥቼ፣ ራስበሪ ፓይ 4 የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተርና ፍላት ስክሪን ከትቼ፣ የድሮ ጌሞችን የሚያጫውት የቤት ማሽን ማድረግ ነው። ስክሪኑን ልጣለው? ገመዱን ልቁረጠው? ገና ሶኬት ላይ አልሰካሁትም። ሻጩ ይሠራል ብሎኛል፤ ሻጭ መቼ አይሠራም ብሎ ያውቃል።

ጆተኒ_ንጉሥ፦

መጀመሪያ ጆተኒውን ማን እንደወሰደው ንገረኝ።

ለማንኛውም አውጣው በቃ። ፍላት፣ ፓይ፣ የድሮ ጌም የሚያጫውተውን ባቶሴራ ጫንበት፣ አንድ የዩኤስቢ ኢንኮደር ካርድ (ቁልፍ ሲጫን ለፓይ የሚነግር) ገዝተህ ቁልፎቹን ሰካካ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትጫወታለህ። ሰው ዝም ብሎ ነገር ያወሳስባል።

ቦርድ_ሰብሳቢ፦

ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወታል፣ እሑድ ጠዋት ይቆጨዋል።

ገጣፎ፣ ያ 28 እና 28 ያልከው ጃማ ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1985 ጃፓኖች ያወጡት ስታንዳርድ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ ገመዱን እንደፈለገ ነበር የሚያደራጀው። ጌም ለመቀየር የማሽኑን ገመድ እንደ አዲስ መዘርጋት ነበረብህ። ከጃማ ወዲህ አንዱን ቦርድ ትነቅላለህ፣ ሌላውን ትሰካለህ፣ አለቀ። አሁን አንተ ልትቆርጠው የተነሳኸው ገመድ ላይ ኮረንቲው፣ ምስሉ፣ ድምፁ፣ ጆይስቲኩ፣ ሳንቲሙ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ሰው እንደገና ሊሠራው ስንት የሚለፋበትን ነገር በነፃ አግኝተህ በፒንሳ ትቆርጠዋለህ?

በቦርዱ ቦታ መቀየሪያ ካርድ ነው የሚገባው። ለፒሲ ጄፓክ የሚባል አለ፣ ለፓይ ደግሞ ፓይ ቱ ጃማ። ያው ጥርስ ላይ ይሰካል፣ የጆይስቲኩን እንቅስቃሴ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ምስሉን ወደ ሞኒተሩ ይልካል። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ነቅለህ ቦርዱን ትመልሳለህ፣ ማሽኑ አንዲት ብሎን አትጎድልበትም።

ቦርዱን ስትነቅል ተራ ፌስታል ውስጥ አትክተተው፣ ስታቲክ ያመጣበታል። ካርቶን ይሻላል። ቺፖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ምን ጌም እንደሆነ እናየዋለን።

ስታኞ፦

ልጄ ገጣፎ፣ የጌሙ ወሬ ይቆየን። ሶኬት ላይ አለመሰካትህ ጎበዝ ነህ። አሁንም እንዳትሰካው።

እኔ ሰበታ ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከእነዚህ ማሽኖችም ጥቂቱ በእጄ አልፈዋል። ከአሜሪካ ከመጣ የተሠራው ለ120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ ከጃፓን ከመጣ ለ100 ቮልት ነው። የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ታች ወለሉ ላይ የታሰረ ከባድ ትራንስፎርመር ይኖራል። ባትሪህን አብርተህ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብና የግድግዳው ሽቦ የትኛው ጫፍ ላይ እንደታሰረ ንገረኝ። ለቦርዱ 5 ቮልትና 12 ቮልት የምታወጣው የብረት ሳጥንም ጎኗ ላይ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ሊኖራት ይችላል፣ እሷንም እያት። እዚህ አገር ሲሠራ ስለነበር ተስተካክሎ ይሆናል ብለህ አትመን። በውጭ ባለ ስቴፕዳውን (ቮልት ማውረጃ) ሲያሠሩት ኖረው፣ ስቴፕዳውኑን ለብቻ ሸጠውት ሊሆን ይችላል።

ትራንስፎርመሩን ከባድ ነው ብለህ አትጣል። የድሮ አርኬድ (የጌም ቤት ማሽን) ሞኒተር ሻሲ፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያሠራው ቦርድ፣ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ኮረንቲ የሚለየው ነገር በውስጡ የለውም፤ የሚለየው ያ ትራንስፎርመር ነው። ያለሱ ሰክቶ ሻሲውን የነካ ሰው የግድግዳውን ኮረንቲ ነካ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑ ጀርባ ላይ የስኒ አፍ የሚያህል ጥቁር ጎማ አለ፣ ወፍራም ገመድ የሚገባበት። ሲሠራ እዚያ ስር ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አለ። ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው ይዞ ይቆያል። ጠጋኝ ሲያራግፈው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ላይ ሽቦ ያስራል፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቱቦውን ከከበበው ባዶ ሽቦ ጋር ያገናኛል፣ አንዱን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ካቻቢቴውን ከጎማው ስር ያስገባል። ጠቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል፣ ምክንያቱም መልሶ ይሰበስባል። ይሄን የጻፍኩልህ አንተ እንድትሠራው አይደለም። የምታመጣው ልጅ ይሄን ሳያደርግ እጁን ከሰደደ፣ ሥራውን እንደማያውቅ እንድታውቅበት ነው።

ገጣፎ_ዳር፦

ጋሼ ስታኞ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገብቼ አየሁት። ትራንስፎርመሩ ላይ 0፣ 100፣ 110፣ 220፣ 240 ይላል። የግድግዳው ሽቦ የታሰረው 110 ላይ ነው።

ስታኞ፦

ይኸው።

ሽቦው ወደ 220 ይዛወር። ፊውዙ አብሮ ይቀየራል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የሚስበው አምፔር በግማሽ ይወርዳልና የድሮው ፊውዝ ላንተ ትልቅ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ስትለኩሰው በመስመሩ ላይ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ አስገቡበት። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ በርቶ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለና ንቀሉት። እላይ የርዕሱ መብራት ፍሎረሰንት ከሆነ ባላስቱም የውጭ አገር ነው፣ አውጣውና ከ12 ቮልቱ ላይ የኤልኢዲ ስትሪፕ ሳብለት።

ጆተኒ_ንጉሥ፦

እሺ ጋሼ፣ ትምህርት ነው፣ አልካድም። ግን እኮ እርስዎ የጻፉት ራሱ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። 20 ሺህ ቮልት ሳሎን ውስጥ ለምን? አዳፕተር ያለው ፍላት በ12 ቮልት ገደማ ይሠራል፣ ቀላል ነው፣ ሕፃን ቢነካው ምንም አይሆንም። ያ ሲአርቲ ነገ ፍላይባኩ፣ ያን ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው፣ ቢሄድ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

ስታኞ፦

ፍላይባክ ላይ እውነትህን ነው። ኮንደንሰሩ፣ ትራንዚስተሩ፣ ሬዚስተሩ መርካቶ ይገኛል፣ ፍላይባክ ግን የዚያኑ ሞዴል ማግኘት ዕድል ነው። ተዘግቶ ለሚቀመጥ ሳጥን ግን አደጋው ያኔ ሁላችንም ቤት ከነበረው ቴሌቪዥን አይበልጥም። አደጋው ለሚከፍተው ሰው ነው።

የኮዬው፦

እኔ ስለ ሶፍትዌሩ ልናገር፣ ሌላው አይመለከተኝም።

ገጣፎ፣ ሲአርቲውን ካስቀረኸው ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ያ ሞኒተር የሚቀበለው 15 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 15 ሺህ የምስል መስመር። የኮምፒውተር ቪጂኤ ከ31 ነው የሚጀምረው። ዝም ብለህ ብትሰካው ምስሉ ተቆራርጦ ይሯሯጣል፣ ካልታደልክ ሻሲውን ያቃጥለዋል። ጄፓክን የምወደው ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በ31 የሚያወጣውን ምስል አያሳልፈውም፣ ወደ 15 ሲወርድ ብቻ ይከፍታል።

ፓይ 4ን ለሌላ ነገር አስቀምጠውና አንድ ሴኮንድ ሃንድ የቢሮ ኮምፒውተር ፈልግ። ኮር አይ 3 ከበቂ በላይ ነው። የድሮ ራዲዮን ካርድ ጨምርበት፣ ኤችዲ 5000 ተከታታይ ወይ እዚያ አካባቢ። ለእነዚህ ካርዶች ሲአርቲ ኢሙድራይቨር የሚባል ድራይቨር አለ፣ 15 ኪሎኸርዝ በቀጥታ ያወጣል። ላዩ ላይ ግሩቪማሜ ትጭናለህ። ይሄ ኢሙሌተር፣ የድሮውን ማሽን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ለየጌሙ የራሱን ሬዞሉሽን ይከፍትለታል። ለምሳሌ ስትሪት ፋይተር 2 በ384 በ224 ነው የተሠራው፣ በዚያው መጠን፣ ሳይለጠጥ ሳይጨመቅ ይወጣል። ፍላት ላይ ያንን ምስል ወደ 1080 ስትዘረጋው ነው ያ ካሬ ካሬ ነገር የሚመጣው። ለዚያ ደግሞ የሲአርቲ መስመር የሚያስመስል ፊልተር ትጨምራለህ። ሲአርቲው እዚያው ቆሞ እያለ ማስመሰል ምን አመጣው?

ፍላት የግድ ከሆነ፣ ሰፊውን ትተህ የድሮውን 19 ኢንች የቢሮ ሞኒተር ፈልግ፣ 1280 በ1024 የሆነውን። 5 ለ4 ስለሆነ ከ4 ለ3 ትንሽ ነው የሚለየው፣ ሳጥኑ ላይም አይጎረብጥም። ሰፊ ስክሪን እዚያ ውስጥ ሲገባ ግን ሼም ነው።

ሌላው መብራት ነው። እኛ ሰፈር ሳያስጠነቅቅ ነው ውልቅ የሚለው። ፓይ ሲጽፍ መብራት ከሄደበት ኤስዲ ካርዱ ሊበላሽና ሊነሳ እምቢ ሊል ይችላል። ፓይ የምትጠቀሙ፣ ሁሉን ነገር ጭናችሁ ስትጨርሱ ካርዱን የማይጻፍበት አድርጉት፣ ሴቩን ወደ ፍላሽ አዙሩት። ፒሲ ከሆነ አሮጌ ዩፒኤስ ታች ይቀመጣል፣ ሳጥኑ ቦታ አለው። ሞኒተሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ አትስካ፣ ለርካሽ ዩፒኤስ ይከብደዋል፣ እሱን በስታቢላይዘር አድርገው።

ጆተኒ_ንጉሥ፦

አንድ ጥያቄ፣ ሙድ እየያዝኩ አይደለም። የሆነ ጀለሴ ፍላሽ ሙሉ ጌም ሰጥቶኝ ፓይ ላይ ጫንኩት፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይመለሳል። ፓይዋ ደክማ ነው?

የኮዬው፦

አልደከመችም። ማሜ የግሩቪማሜ መነሻ የሆነው ኢሙሌተር ነው፤ የጌም ፋይሉ ከማሜው ቨርዥን ጋር መገጣጠም አለበት። ማሜ ከ1997 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ፕሮጀክት ነው። የአንድ ቦርድ ቺፕ በተሻለ መንገድ በተነበበ ቁጥር ፋይሉም ይቀየራል። ፓይ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ማሜ 2003 የሚባለው ነው፣ እሱ የሚፈልገው የ0.78ን ፋይል ነው። አንተ ምናልባት የአዲሱን ይዘሃል። ኒዮጂዮ በሚባለው የጌም ማሽን የሚሠሩ ጌሞች ከሆኑ ደግሞ ኒዮጂዮ የሚባለው የባዮስ (የማስነሻ) ፋይል አጠገባቸው ከሌለ አንዱም አይነሳም። ዚፑን አትፍታው፣ ስሙንም አትቀይረው።

ማሜ ራሱ ነፃ ነው፣ ጌሞቹ ግን ባለቤት አላቸው። የማሜ ሰዎች ባለቤቶቹ የፈቀዱላቸውን ጥቂት ጌሞች፣ እነ ሮቢ ሮቶን፣ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ከዚያ ጀምር። የድሮ ጌሞቻቸውን ሰብስበው የሚሸጡ ካምፓኒዎችም አሉ። ማሽኑን በር ላይ አውጥቶ በሳንቲም ማጫወት የሚያስብ ካለ ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔን አትጠይቁኝ።

የቤት_ዕቃ፦

ወንዶቹ ስለ ሽቦ ስትነታረኩ ሳጥኑን ረሳችሁት። ሱሉልታ የእንጨት ሥራ አለኝ፣ ጌም አልጫወትም፣ ወንድሜ ነው ይሄን ክር የላከልኝ።

ገጣፎ፣ ቺፑድ ከሆነ ታቹን እየው። ወለል ሲወለወል የኖረ ቺፑድ ከእግሩ ያብጣል። ያበጠውን በስቱኮ ደፍነህ ቀለም ብትቀባው ክረምት ሲገባ መልሶ ይፈነዳል። የተበላሸውን ቆርጠህ አውጣ፣ በ18 ሚሊ ኮምፖንሳቶ ተካው፣ በኮላና በብሎን እሰረው። ከዚያ አራት የጎማ እግር ምታበትና ከወለል ይነሳ። ከሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ነቀዝ ነው፤ ቤት ከማስገባትህ በፊት መድኃኒት ይረጭ፣ አለበለዚያ ቁም ሣጥንህ ጋ ይደርሳል። በሩ ላይና ከላይ የአየር መውጫ አትድፈን፣ ይሄ ሁሉ የሚሞቅ ነገር ውስጥ ነው ያለው።

ቁልፍ ለመጨመር የድሮውን ፓነል አትብሳው። ልኩን ወስደህ አዲስ አሠራ፣ የድሮውን አስቀምጠው። ከመብሳትህ በፊት ግን ቁልፉን በእጅህ ያዝ፤ ወንድሜ እንዳለኝ የጃፓኑ 30 ሚሊ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የአሜሪካው 28 ተኩል ገደማ ነው። ሰፍቶ የተበሳ ቀዳዳ አይጠብም።

ቦርድ_ሰብሳቢ፦

እህቴ፣ አፌ ቁርጥ ይበልልሽ። ስለ ቁልፉ ልጨምር፤ ጃማ ሲወጣ ለአንድ ተጫዋች ሦስት ቁልፍ ነው ያሰበው። ስትሪት ፋይተር 2 በ1991 ሲመጣ ስድስት ፈለገ፣ ሦስት ቡጢ ሦስት እርግጫ። ሦስቱ በጃማው ይገባሉ፣ የእርግጫዎቹ በሌላ ትንሽ ገመድ ቀጥታ ቦርዱ ላይ ይሰካሉ። ጄፓክም ለተጨማሪዎቹ ቁልፎች ጎኑ ላይ የብሎን መግቢያ አለው። ስለዚህ ስድስት ቁልፍ ስለፈለግክ ዋናውን ገመድ የምትነካበት ምክንያት የለም።

ገጣፎ፣ ፎቶህ ደረሰኝ። ኮፒ ቦርድ ነው፣ ፋብሪካው የሠራው አይደለም፣ ግን ጌሙ ፋይናል ፋይት ይመስለኛል። ፓነልህ ላይ ሦስት ቁልፍ መኖሩም አይጣላውም፣ እሱ የሚፈልገው መምቻና መዝለያ ብቻ ነው።

ገጣፎ_ዳር፦

ወሬ ይዤ መጣሁ።

ጋሼ ስታኞ የሰጡኝን ጽሑፍ ለሰፈር ጠጋኝ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ "ይሄን የጻፈው ሰው የት ነው ያለው?" አለኝ። ቱቦውን እንዳሉት አራገፈው፣ ጠቅ ሲል ሰማሁት። ሽቦውን ወደ 220 አዛወረ፣ ፊውዝ ቀየረ፣ አምፖሉን አስገብተን ለኮስነው። አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ። ከዚያ ያ የድሮ ቴሌቪዥን ድምፅ፣ ሲስስስ የሚለው፣ መጣ። ምስል አለ! ግን ወደ ላይ ይሮጣል፣ ቀይ ደግሞ የለም።

ቀይ የጠፋው የጃማው ጥርስ ዝጎ ነው። የቦርዱን ጥርስ በእርሳስ ላጲስ አሽቶ፣ በአልኮል ጠርጎ ሲመልሰው መጣ። የሚሮጠውን ሻሲው ላይ ባለች ትንሽ መቆጣጠሪያ አስቁሞታል፣ ግን ሲሞቅ ይመለሳል። ኮንደንሰሮቹ ደርቀዋል ብሏል፣ ዝርዝር ጽፎ ሰጥቶኛል፣ መርካቶ እሄዳለሁ።

ጌሙ እንዳልከው ፋይናል ፋይት ነው። ታናሽ እህቴ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን ሰውዬው ዙሪያውን እየመታ ሕይወቱ እንደሚቀንስ ከኔ ቀድማ አወቀች።

ስለዚህ ሲአርቲው ይቆያል፣ ገመዱም ይቆያል። ጄፓኩን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣልኛል፣ እስከዚያ ኮምፒውተሩን አዘጋጃለሁ። ስድስት ቁልፍ ያለውን ፓነል እህታችን የቤት ዕቃ ትሠራልኛለች፣ በውስጥ ተነጋግረናል።

ጆተኒ_ንጉሥ፦

በድምፅ ተሸነፍኩ እንጂ አላመንኩም። ፍላት አድርገኸው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንቴ ተጫውተን ነበር።

ስታኞ፦

ለኮንደንሰሩ ስትሄድ 105 ዲግሪ የሚለውን ግዛ፣ 85ቱን ተወው፣ ሻሲው ይሞቃል። ቮልቱ ከድሮው ቢበልጥ ችግር የለም፣ አያንስ። ፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ጠጋኙ ሲያወጣ ቦርዱ ላይ ምልክት ያድርግ። ጠጋኙ ሊያወራኝ ከፈለገ ደግሞ ስልኬን በውስጥ ልኬልሃለሁ፣ ይደውልልኝ።

ገጣፎ_ዳር፦

እሺ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ ለኮዬው፦ እናቴ የምታውቀው ጌም ፓክማን ብቻ ነው። ይሄ ጆይስቲክ ለፓክማን ይሆናል?

የኮዬው፦

እንዳለ ከሆነ ያናድዳታል። ፓክማን ባለ አራት አቅጣጫ ጆይስቲክ ነው የሚፈልገው፣ ያንተ ባለ ስምንት ነው። ጥግ ላይ ስትታጠፍ ሰያፍ ትነካና ፓክማኑ ሳይታጠፍ ያልፋል። ጆይስቲኩን ከሥር ገልብጠህ እየው፣ ብዙዎቹ ዘንጉን የምትገድብ የፕላስቲክ ሳህን አላቸው። አንዳንዷ ስትዞር ከስምንት ወደ አራት ትቀየራለች፣ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው። ካልሆነች ማሜ ውስጥ የጆይስቲክ ማፕ የሚባል ቅንብር አለ፣ ሰያፉን እንደ አራት አቅጣጫ እንዲያነበው ታደርጋለህ። እንደ ሳህኗ ባይሆንም ያጫውታል።

ሌላው፣ ፓክማን የተሠራው ስክሪኑን አቁሞ ነው፣ 224 በ288። ያንተ የተጋደመ ነው። 288 መስመር ሳይንቀጠቀጥ አይገባበትም፣ ስለዚህ ግሩቪማሜ ወይ ያጨማትረዋል ወይ መስመር እያፈራረቀ ያሳያል። አንዳንዱ ሰው ሞኒተሩን አዙሮ ያቆመዋል፣ ያንተ ፍሬም ለዚያ የተሠራ ከሆነ አራቱ ብሎን ወደ ጎንም ቀዳዳ ይኖረዋል። ጠጋኙ ለኮንደንሰሩ ሲመጣ አብሮ ይይልህ፣ አንተ ብቻህን እንዳታወጣው።

ገጣፎ_ዳር፦

ቀዳዳው አለ። አሁን አየሁት።